ወንድሜ ያረማቸው መስመሮች

ወንድሜ ኮምፒውተር ማደስ ያስተማረኝ በስልክ ነው። እሱ አዲስ አበባ፣ ደሙን ከሚያጣራለት ማሽን አጠገብ ተኝቶ፤ እኔ ነገሌ፣ ገበያው አጠገብ ባለችው ኢንተርኔት ቤት የጓዳ ክፍል ውስጥ ቆሜ። ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መካከል ይዤ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን አነብለታለሁ፤ እሱ ቀጥሎ የምጽፈውን ይነግረኛል። ከበስተኋላው የማሽኑ ድምፅ ይሰማኛል። አንዳንዴ ነርሷ መጥታ ታናግረዋለች። "አንዴ ቆዪ እቱ" ይለኛል፤ እኔም ጣቴን ከቁልፎቹ ላይ አንስቼ እጠብቃለሁ።

እኛ የወታደር ልጆች ነን። አባታችን ከሰሜን መጥቶ ነገሌ የተመደበ የመገናኛ ወታደር ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ሠራዊቱ ተበተነ፤ አባታችንም ከጓዶቹ ጋር ወደ ሞያሌ አቅጣጫ ወጣ። ድንበሩ አጠገብ አየሁት ያለ አንድ ሰው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያየውም የሰማለትም የለም። እኔ ያኔ ገና ሕፃን ስለነበርኩ ፊቱን አላስታውሰውም። ወንድሜ ግን ነፍስ አውቆ ስለነበር ሁሉንም ያስታውሳል፤ ስለ አባታችን ግን ካልጠየቁት አያወራም። እማዬ ሹራብ እየሠራችና ለጦር ካምፑ መኮንኖች ልብስ እያጠበች አሳደገችን። ትምህርት ቤት የወላጅ ስብሰባ ሲጠራ እማዬ ሥራ ላይ ስለምትሆን የሚመጣልኝ እሱ ነበር። ገና ጢም ሳያበቅል ከአባቶቹ መካከል ይቀመጥና ስሜ ሲጠራ እጁን ያወጣል።

ከዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ ጓደኞቹ ሁሉ አዲስ አበባ ቀሩ። እሱ እማዬ ብቻዋን እንዳትሆን ብሎ ተመለሰ። እማዬ ደስታዋን ለመደበቅ ስትል ተቆጣችው። "ያስተማርኩህ እዚህ አቧራ ውስጥ እንድትመለስልኝ ነው?" ትለዋለች፤ ቀና ብላ ግን አታየውም። ካየችው እንደምትስቅ ታውቃለች።

ሥራ የሰጡት ሐጂ ናቸው። ሐጂ ከሞያሌ የሚመጣ ልብስና የቤት ዕቃ የሚነግዱ፣ አማርኛና ኦሮምኛን በአንድ ንግግር ውስጥ አብረው የሚያስኬዱ ሽማግሌ ነበሩ። የበኩር ልጃቸው ኢንተርኔት ቤት ከፍቶ ገና ሳያደላድለው ጅዳ ሄደ። ሐጂ ወንድሜን አስጠርተው በአቧራ ወደተሸፈኑት ኮምፒውተሮች እያመለከቱ፣ "ኢልማ ኮ፣ እነዚህን ሳጥኖች ወይ አሠራልኝ ወይ ሽጥልኝ" አሉት። በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው እንደዚያ ነበር የሚጠሩት።

"አሠራቸዋለሁ ሐጂ። ግን አንዱን ለብቻው ይስጡኝ፤ ደንበኛ አይቀመጥበትም።"

"ደንበኛ ያልተቀመጠበት ምን ይሠራል?"

"ሌሎቹን ያስተዳድራል።"

ሐጂ ሳቁ። "እንደ አባ ገዳ በለኛ" አሉት። ከዚያ ወዲህ ያቺን ኮምፒውተር እሳቸው የሚጠሯት አባ ገዳ ብለው ነው።

ሥራዋ ከባድ ነበር። ከተማው ውስጥ የነበረው መስመር ቀጭን ነው፤ ያንን አንድ መስመር ለሁሉም ኮምፒውተሮች የምታካፍለው እሷ ነች። ወንድሜ በነፃ የሚገኝ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጫነባት። የመረጠው ሶርስ ኮዱ፣ ማለትም ሰዎች ቁጭ ብለው የጻፉት ፕሮግራም ራሱ፣ አንድም ሳይጎድል አብሮት ስለሚመጣ ነው። ማንበብ ለሚችል የተሸሸገ ነገር የለም። ብዙ ሰው የሚጠቀመው ተሠርቶ ያለቀውን ነው፤ ጽሑፉን ከፍቶ የሚያይ ጥቂት ነው። ወንድሜ ግን ሰው ጋዜጣ እንደሚያነበው ምሳውን እየበላ ያነበው ነበር።

ችግሩ የኔትወርክ ካርዷ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ቤቱም በደንበኛ ሲሞላ፣ ካርዷ ድንገት ትዘጋለች። ያን ጊዜ ከውጭ ክፍል ጫጫታ ይነሣል። ሪያድ ካለ ባሏ ጋር የምታወራው ሴት ትቆማለች፣ ለሥራ ማመልከቻ የሚልከው ተመራቂ ይቆማል። ወንድሜ አጥፍቶ ያስነሣታል፤ ትንሽ ቆይታ እንደገና ትዘጋለች። ከአዲስ አበባ ሌላ ካርድ አስመጣ፤ የመጣው ያው ዓይነት ሆነ። ሐጂ "ይህቺ አባ ገዳ ሥልጣኗን ሳትጨርስ ልትወርድ ነው" እያሉ ቢቀልዱም ደንበኛ እየሸሸ መሆኑ ያሳስባቸው ነበር።

ወንድሜ ካርዷን የሚያንቀሳቅሰውን የሶርስ ኮድ ክፍል ከፍቶ ማንበብ ጀመረ። ሳምንታት ፈጀበት። እቤት ሲመጣ እማዬ ታወራዋለች፤ እሱ "እሺ" ይላታል፤ ምን እንዳለችው ግን አይሰማም። አንድ ቀን ጠዋት ቁርሱን አቁሞ ተነሣና ወጣ። ሥራ የበዛበት ካርድ የደረሰውን መልእክት ሳይጨርስ ሌላ ሲመጣበት የሚጠፋው ነገር ታይቶት ነበር። ጥቂት መስመሮች አረመ። ከዚያ የሥርዓቱን እምብርት፣ እነሱ ከርነል የሚሉትን፣ ከታረመው ሶርስ እንደ አዲስ ገነባው። በዚያች አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ድረስ የሚፈጅ ሥራ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ካርዷ ዳግም አልተዘጋችም።

እርማቱን ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ለሚሠሩት ሰዎችም በኢሜይል ላከላቸው። መልስ አልመጣለትም።

"ደርሷቸው ይሆን?" አልኩት አንድ ጊዜ።

"እንጃ። ከዓለም ዙሪያ ስንት ሰው ይጽፍላቸዋል።"

የኮምፒውተሯ የመጀመሪያ ትልቅ ፈተና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት የወጣ ዕለት መጣ። ከተማው በሙሉ ሐጂ በር ላይ ተሰበሰበ። ከአሬሮ ሌሊቱን በጭነት መኪና የመጡ ተማሪዎች ነበሩ። ኮምፒውተሯ አንዴም ሳትቆም ዋለች። የኔም ውጤት በዚያው ቀን ነበር። ወንድሜ ከሁሉም አስቀድሞ እንዳየው ፊቱ ነገረኝ። ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠብቆ ከወንበሩ ተነሣና እኔን አስቀመጠኝ። አላለፍኩም። ራሴን ጠረጴዛው ላይ ደፍቼ አለቀስኩ። እሱ አልገሠጸኝም፣ አይዞሽም አላለኝም፤ እጁን ጀርባዬ ላይ አድርጎ ቆመ። ስጨርስ፣ "ነገ ጠዋት አብረሽኝ ትመጫለሽ። ጽሕፈት አስተምርሻለሁ" አለኝ። እንደዚያ ነው የሐጂ ጸሐፊ የሆንኩት። ማመልከቻ እተይባለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ፣ በጓዳው በር በኩል ደግሞ ወንድሜ ሲሠራ አያለሁ።

ከሚሠራቸው ነገሮች ሁሉ የሚያስቸግረው ያቺን ኮምፒውተር ወቅታዊ አድርጎ ማቆየት ነበር። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን የሚሠሩት ሰዎች ስህተት ባገኙ ቁጥር ያርማሉ፤ ሌቦች የሚገቡበት ቀዳዳም ሲገኝ ይደፍናሉ። እርማቱን ያላገኘ ኮምፒውተር በሩ ክፍት ነው። መጀመሪያ ላይ ወንድሜ የታደሰውን ሶርስ ኮድ ፋይል በፋይል ነበር የሚያወርደው። መስመሩ ይቋረጣል፣ መብራት ይጠፋል፣ እንደገና ይጀምራል። ሁሉን ነገር ከሶርስ መገንባት ደግሞ ቀናት ይበላበታል። በኋላ ይህን ሁሉ በራሱ የሚሠራ የማደሻ ፕሮግራም መጣ። ፕሮግራሙ ተገንብቶ ያለቀውን እርማት፣ ያውም የተለወጠውን ቁራጭ ብቻ፣ ያመጣና በቦታው ይተካዋል። ከፈለግህ ሶርስ ኮዱንም አብሮ ያድስልሃል። ወንድሜ ያን ቀን አዲስ መኪና የገዛ ሰው ይመስል ነበር። ሐጂን ጠርቶ ሊያሳያቸው ሞከረ፤ ሐጂም መነጽራቸውን አድርገው በጥቁሩ ስክሪን ላይ የሚወርዱትን ነጭ ፊደሎች በአክብሮት ተመለከቱ።

የማደሻው ፕሮግራም የማይሠራለት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሶርሱን ሲያድስ ወንድሜ ያረማቸውን መስመሮች አያውቃቸውም፤ ፋይሉን በአዲሱ ይተካዋል፣ የእሱ እርማትም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ እርማቱን ለብቻ ያስቀምጣል፣ ፕሮግራሙ ሥራውን ይጨርሳል፣ ከዚያ እርማቱን በቦታው መልሶ ከርነሉን ብቻ ይገነባል። እርማት በመጣ ቁጥር እንዲህ ነው።

"ለምን ሶርሱን አትተወውም?" አልኩት። "ሌላው ሁሉ ተሠርቶ ይመጣልህ የለ?"

"የሚሠራው ታድሶ ሶርሱ አሮጌ ከቀረ፣ እኔ የማነበው ስለ ሌላ ኮምፒውተር ነው ማለት ነው" አለኝ። "አንድ ቀን ነገር ሲበላሽ የማይገናኝ ጽሑፍ ይዤ እቀመጣለሁ። ሁለቱ እኩል መሄድ አለባቸው።"

ሕመሙ ከእግሩ ጀመረ። ጫማው ጠበበው። ሙቀቱ ነው ብሎ ማሰሪያውን እያላላ ከረመ። ከዚያ ምግብ አስጠላው፣ ጠዋት ጠዋት ያስመልሰው ጀመር፣ ፊቱ አበጠ። እማዬ በግድ ሐኪም ቤት ወሰደችው። እዚያ ያየው ሐኪም የደም ግፊቱን ለክቶ አላመነም፤ ደግሞ ለካው። ወደ ሐዋሳ ላኩት፤ ሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመው ነበር።

እማዬ "የኔን ስጡት" አለች። ደም ግፊቷ አያስችልም አሏት። ሐኪሙን "እኔ ኖርኩ አልኖርኩ ምን ይሆናል?" ብላ ስትለምነው ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔም ሄጄ ተመረመርኩ። ከእሱ ጋር አይስማማም ተባለ። ውጤቱን የነገረኝ ሐኪም ራሱ ያጠፋ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። ከክፍሉ ስወጣ ወንድሜ ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጧል። አየኝና፣ "ተይው፤ እኔ ቀድሜ አውቄዋለሁ" አለኝ። ልክ እንደዚያ የውጤት ቀን።

እማዬ ከእሱ ጋር አዲስ አበባ፣ ሆስፒታሉ አካባቢ በተከራየነው ክፍል ቀረች። እኔ ነገሌ ተመለስኩ፤ ከሦስታችን የሚሠራ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሐጂ የጓዳውን ቁልፍ ሰጡኝና፣ "ኢንታላ ኮ፣ እስኪመጣ ድረስ አንቺ ጠብቂው" አሉኝ። ኢንታላ ኮ፣ ልጄ።

መጀመሪያ የደወልኩለት ፈርቼ ነው። አዲስ እርማት መውጣቱን የሚናገር ኢሜይል መጣ፤ እኔ ደግሞ የሱን ሥራ አይቼ እንጂ ነክቼው አላውቅም። ማሽኑ ላይ በተኛበት ሰዓት ደወልኩለት፤ ያ ሰዓት ረጅም ስለሆነ መናገር እንደሚወድ አውቅ ነበር።

"ጋሽዬ፣ ቢበላሽብኝስ?"

"አይበላሽም። ቢበላሽም ወደ ኋላ የሚመልስ ትእዛዝ አለው። መጀመሪያ አምጣ በዪው።"

ጻፍኩ። ፕሮግራሙ የሚያመጣውን ፈልጎ፣ ያገኘውን አወዳድሮ፣ የሚለወጡትን ፋይሎች ስም መደርደር ጀመረ።

"ብዙ ስም እያወጣ ነው።"

"አንብቢልኝ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም። የት ልሄድ ነው?"

አነበብኩለት። የእንግሊዝኛውን አንዳንዱን ቃል ስሳሳት ያርመኛል። የሱ ፋይል ስም ላይ ስደርስ "አዎ፣ እሱን ታውቂዋለሽ" አለኝ። እርማቱን ለብቻ አስቀመጥኩ፣ "አሁን ጫን በዪው" አለኝ፣ አልኩት፣ ከዚያ መስመሮቹን መለስኩ። ከርነሉ ሲገነባ ግን እኩሌታው ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። ሐጂ ራሳቸው ጄኔሬተሩን ሊያስነሡ ሮጡ፤ እስኪነሣ ኮምፒውተሯ ጠፋች። ማልቀስ ቃጣኝ። ወንድሜ በስልኩ ውስጥ ሳቀ።

"ከመጀመሪያው ጀምሪ። እኔ ስንቴ እንደጀመርኩ ሐጂን ጠይቂያቸው።"

ሲያልቅ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። አጥፍቼ አስነሣኋት። ከውጭ ክፍል ያሉት ደንበኞች ኢንተርኔቱ መምጣቱን ተነጋገሩ። ደውዬ ነገርኩት። እማዬ ስልኩን ተቀበለችውና፣ "ምን ነገርሽው? ዛሬ ትንሽ በላ" አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ሥራው የሁለታችን ሆነ። ማሽን ላይ የሚተኛባቸውን ቀናት በቃሌ ያዝኳቸው። እርማት የሌለ ቀን ሶርስ ኮዱን ያስነብበኛል። "ያንን ፋይል ክፈቺ፤ ከላይ ጀምሪ" ይለኛል። እኔ አነባለሁ፣ እሱ ምን ማለት እንደሆነ ያስረዳኛል። ብዙው አይገባኝም ነበር፤ ቀስ እያለ ገባኝ። ከሚያሠቃየው ነገር ሁሉ ጥሙ እንደሚብስበት የነገረኝም በዚያን ጊዜ ነው። ኩላሊቱ የማይሠራ ሰው ውኃ እንደልቡ አይጠጣም፤ በጠርሙስ ክዳን እየለካች የምትሰጠው እማዬ ነች። "ነገሌ ሙቀቱ እንዴት ነው?" ይለኛል። በጣም የሞቀ ቀን "ዛሬስ ደመና ነው" እለዋለሁ።

ሐጂ ሊጠይቁት አዲስ አበባ ሄዱ። ከዘመዶቻቸው በረት የግመል ወተት በትልቅ ጄሪካን አስመጥተው፣ በአውቶቡስ ያን ሁሉ መንገድ ጉልበታቸው ላይ ይዘውት ወጡ። ነርሷ ለኩላሊት ሕመምተኛ ወተት እንደማይፈቀድ ነገረቻቸው። ሐጂ አልተከራከሩም። ጄሪካኑን ወለሉ ላይ አስቀምጠው ቁጭ አሉ። ወንድሜ ይህን አይቶ እማዬን "ጥቂት አድርጊልኝ" አላት። ነርሷ ዞር ስትል ከንፈሩን አስነካው። "ጣፋጭ ነው ሐጂ። ከዚህ በላይ አያስፈልገኝም" አላቸው። ሐጂ ተመልሰው ይህንን ሲነግሩኝ የወንድሜን ፊት ሳይሆን የጄሪካኑን ነገር ብቻ ነበር የሚያወሩት። እንዴት እንደከደኑት፣ እንዴት አንዲት ጠብታ እንኳን እንዳልፈሰሰባቸው።

የዚያ ዓመት ክረምት አልፎ ትልቁ እድሳት መጣ። ያለነበት እትም ከዚያ በኋላ እርማት አይወጣለትም ስለተባለ ወደ አዲሱ መሻገር ነበረብን። ወንድሜ በዚያን ጊዜ በጣም ደክሟል። ማሽኑ ላይ ሳለ የደም ግፊቱ ስለሚወርድ አንዳንዴ ራሱን ይስት ነበር። እማዬ በስልክ "ተይው ልጄ፤ ይረፍበት" ትለኛለች፤ እሱ ከበስተኋላዋ "ስልኩን ስጪኝ" ይላል።

ማውረዱ ቀናት ወሰደ። ሁሉም ከደረሰ በኋላ እንደ ልማዳችን እርማቱን አስቀመጥኩ፣ ፕሮግራሙ ሶርሱንም የሚሠራውንም አደሰ፣ ከዚያ የሱን መስመሮች ልመልስ ፋይሉን ከፈትኩ። ቦታውን አጣሁት። ወጣሁ፣ እንደገና ገባሁ። መስመሮቹ የሚገቡበት ክፍል ተለውጧል።

"ጋሽዬ፣ እዚህ ቦታው የለም።"

"እንዴት ቦታው የለም? አንብቢልኝ እስቲ።"

አነበብኩለት። እሱ ባረመበት ቦታ ላይ ሌላ ሰው በሌላ መንገድ አርሞታል። ካርዷ ከመዘጋቷ በፊት የሚጠፋውን መልእክት የሚጠብቅ አዲስ ክፍል ተጨምሯል። አንብቤ ጨረስኩ። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

"አለህ?"

"አለሁ። ድገሚልኝ።"

ደገምኩለት። በዚህ ጊዜ ከእያንዳንዱ መስመር በኋላ "እህ" ይል ነበር።

"ከኔ የተሻለ ነው የሠሩት" አለ በመጨረሻ። "እኔ የደፈንኩት አንዱን መንገድ ብቻ ነበር። እነሱ ሁለቱንም ደፍነውታል።"

"ያንተ ኢሜይል ደርሷቸው ይሆናላ!"

"ሊሆን ይችላል። ሌላ ሰውም አግኝቶት ይሆናል። እዚያ ሌላ አገርም ይህቺ ካርድ አለች።" ከዚያ ድምፁን አስተካክሎ፣ "በቃ፣ የኔን አትመልሺ። ከርነሉንም መገንባት አያስፈልግሽም። ከእንግዲህ ተሠርቶ የሚመጣውን መጫን ብቻ ነው" አለኝ።

"ታዲያ ያንተ ሥራ?"

"አለቀ" አለኝ። "ደግ ነው እኮ እቱ። መብራት ቢጠፋም አያስቸግርሽም።"

የተዘጋጀውን ከርነል ጭኜ አስነሣኋት። ያለ ምንም ችግር ሠራች። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሲሞላ፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ትዘጋለች ብዬ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ብትዘጋ ደስ ይለኝ ነበር። ብትዘጋ ሮጬ እደውልለታለሁ፤ "ያንተ ይሻላል፤ ልመልሰው" እለዋለሁ። አልተዘጋችም።

ከዚያ በኋላ የምደውልበት ምክንያት አነሰ። ማደስ ማለት ሁለት ትእዛዝ ጽፎ መጠበቅ ሆነ። እኔ ግን የማውቀውን ነገር መጠየቅ ጀመርኩ። "ይህ ምን ማለት ነው?" እለዋለሁ፤ ባለፈው ወር ያስረዳኝን። እሱም እንዳልነገረኝ ሆኖ ከመጀመሪያው ያስረዳኛል። አንድ ቀን አስረድቶ ሲጨርስ፣ "ይህን ባለፈው በደንብ ይዘሽው አልነበር?" አለኝ። ጣቴን ከቁልፎቹ ላይ አነሣሁ። "ግድ የለም፣ ነገም ጠይቂኝ" አለኝ።

ያረፈው ዝናቡ በገባ ሰሞን ነው። ጠዋት ወደ ማሽኑ ለመሄድ ልብሱን ለብሶ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ እማዬ ጫማውን ስታደርግለት እጇ ላይ ደገፍ አለ። እሷ ማዞር መስሏት "ቀስ በል" እያለችው ነበር። ጎረቤት ናት ከእጇ ያስለቀቀቻት።

በመኪና አመጡት። ቦሬ ላይ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ቆመው እንደጠበቁ እማዬ በኋላ ነገረችኝ። ሾፌሩ ሞተሩን ሲያጠፋው ያ ፀጥታ ከሁሉ በላይ ከበዳት። ነገሌ መግቢያ ላይ ሐጂ ከነጋዴዎቹ ጋር ቆመው ነበር። ሱቁን ዘግተው፣ ነጭ ኩታቸውን ለብሰው። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ በእግራቸው መጡ፤ ጸሎቱ እስኪያልቅ ከአጥሩ ውጭ ጠበቁ፤ ወደ መቃብሩ ሲወሰድ ከካምፑ ሰፈር ሰዎች ጋር ተቀባብለው ተሸከሙት።

ድንኳን ውስጥ ሳለን አንዲት የቦረና ሴትዮ ከአሬሮ መጥታ ገባች። ማንም አያውቃትም። እማዬ አጠገብ ተቀምጣ በኦሮምኛ ተናገረች፤ ሐጂ ተረጎሙ። ልጇ ቤይሩት እንደነበረች፣ ብዙ ዘመን ድምፅዋን እንኳን ሳትሰማ እንደቆየች፣ ወንድሜ ግን አንድ ቀን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጧት የልጇን ፊት እንዳሳያት። "ስትስቅ አየኋት። ጥርሷ ያው ነው" አለች ሴትዮዋ። እማዬ እስከዚያች ሰዓት አላለቀሰችም ነበር። የሴትዮዋን እጅ ይዛ አለቀሰች።

ከለቅሶው በኋላ ሥራ ስገባ እርማት መጥቶ ጠበቀኝ። አምጣ አልኩት፣ ስሞቹን ደረደረ፣ ጫን አልኩት፣ ጫነ። የማነብለት ሰው አልነበረም። ቢሆንም የፋይሎቹን ስም ከላይ እስከ ታች አነበብኳቸው፤ ድምፄን አላወጣሁም እንጂ። ሐጂ በጓዳው በር ብቅ ብለው "ናጋ?" አሉኝ፤ ሰላም ነው ወይ ማለታቸው ነው። "ናጋ" አልኳቸው። አላመኑኝም፤ ሻይ አስመጡልኝ።

ጥቂት ዓመታት ሠራን። ከዚያ ሰው ሁሉ ኢንተርኔቱን በእጅ ስልኩ ማየት ጀመረ፤ ወንበሮቹ ባዶ ሆኑ። ሐጂ ቤቱን መልሰው የልብስ መጋዘን አደረጉት። ኮምፒውተሮቹን የፈታሁት እኔ ነኝ። አባ ገዳ ውስጧ በቀይ አቧራ ተሞልቶ ነበር፤ ዲስኳም ከጊዜ በኋላ ሲነሣ አልነበብ አለ። እኔ አሁን አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኔትወርክ እጠብቃለሁ። ሶርስ ማንበብ የሚችል ሰው ሲፈለግ ወደ እኔ ይመጣሉ።

ከአርባው ማግስት አጎታችን ከሰሜን ደውሎ ነበር። እማዬ የወታደር ሚስት ናት፤ ባሏ ከጠፋ ጀምሮ አንድ ቀን ወደ ትውልድ አገሬ እገባለሁ ስትል ነው የኖረችው። አጎቴ አሁን ምን ያስቀምጥሻል፣ ልጅሽን ይዘሽ ነይ አላት። እኔ ልትሄድ ነው ብዬ ፈራሁ፤ ባትሄድም ፈራሁ።

"አልመጣም" አለችው። "ልጄን ለማን ትቼ?"

አጎቴ እኔን ያለች መስሎት፣ "አብራሽ ትምጣ እንጂ" አላት።

እማዬ ስልኩን አቀበለችኝ። በዚያው ዓመት ከካምፑ ሰፈር ወጥተን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ቤት ተከራየን። ጠዋት ጠዋት ሥራ ስሄድ እስከ መቃብሩ ደጅ አብራኝ ትሄዳለች፤ እሷ ወደ ውስጥ ትገባለች፣ እኔ መንገዴን እቀጥላለሁ።